የሰፋሁት እኔ፣ የለበሰችው እሷ

ይድረስ ለባለቤቴ ታላቅ እህት፣ ለእኔም ከእናት ለማይተናነሱት፣ ለምወድዎትና ለማከብርዎት እትዬ።

እትዬ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የላክሁልዎ ቅባት ሠራልዎ ወይስ እንደ ልማድዎ ለጎረቤት አከፋፈሉት? ስኳርዎንስ ይለካሉ? መለኪያዋን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውባት ነው አሉ፤ ኧረ እባክዎ ለጌጥ አይደለም የላክሁት። የሱቁ ጣሪያ ከበረዶው በኋላ ተጠገነ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጤና አለን። ልጅዎ አርያም ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ልትገባ ነው፤ ቁመቷ ከእኔ አልፎ እርስዎን ሊደርስ ነው። እዚህ ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ ነው፤ ዘንድሮ ግን ከጫካ እሳት የሚመጣ ጭስ ሰማዩን ሸፍኖት ስለሰነበተ መስኮት መክፈት ቀርቶብናል። እኔም ላውንደሪው ሥራዬ ላይ ነኝ፤ ያው አንሶላ ማጠብ፣ አንሶላ ማጠፍ ነው፤ ሺፍቴ ከጠዋት ስለሆነ ለእሱ አመሰግናለሁ።

ይህን ወረቀት የምትሰጥዎ ውድነሽ ትባላለች፣ የሰንበቴ ማኅበርተኛዬ ናት፣ ታማኝ ሰው ናት። በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ በርበሬ አውርቼ ዘጋሁት። እርስዎ እንደሆኑ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ባንኮኒው ላይ ያጋድሙታል። ያን ጊዜ ስለ ማህፀኔ ስነግርዎ ሳሙና ሊገዛ የመጣ ሰውዬ ከጎን ሆኖ እግዜር ይማርሽ እህቴ ያለኝን እስከዛሬ አልረሳሁትም። ይሄኛውን ጉዳይ ሳሙና ገዢ እንዲሰማው አልፈልግም። ብቻዎን ሆነው፣ መነጽርዎን አድርገው ያንብቡልኝ።

ነገሩ የወንድምዎ የሞላልኝ ነው። ባለፈው ሲደውልልዎ ፈረሱ ጋሪ ላይ እንደታሰረ ልጓሙን ፍቺው ብዬ ሚስቴን አዝዤ ከውድድር ተባረርኩ፣ ደንቡን ረሳሁት፣ እርጅና መጣ መሰለኝ ብሎዎታል። እርስዎም በበነጋታው ደውለው ወንድሜ ምን ነካው፣ ጃጀብኝ ወይ ብለው አልቅሰው ጠየቁኝ። እኔ አይዞዎት አልኩና ስለ በርበሬ ጀመርኩ። አልጃጀም እትዬ። ምንም አልረሳም። ወንድምዎ የዋሸዎት ለእኔ ብሎ ነው። ከመጀመሪያው ልጀምርልዎ።

የትራኩን ሥራ ወገቡ እምቢ ካለው ወዲህ ኦኮቶክስ ከምትባል ከካልጋሪ አጠገብ ካለች ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የፈረስ ጋጣ ውስጥ እንደሚሠራ ያውቃሉ። ባለቤቷ ዶሪን የሚባሉ ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላቸው ፈረንጅ ናቸው። ሞላልኝ የገባው ፋንድያ ሊጠርግ ነው። አገሩ ጋሪ ይነዳ እንደነበር ለማንም አልተናገረም። እዚህ ሰው ሲጠይቀው ትራንስፖርት ውስጥ ነበርኩ ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ትራንስፖርት! የማኅበሩ ሰዎች ደብረ ዘይት ላይ የአውቶቡስ ድርጅት ኃላፊ የነበረ ይመስላቸዋል። እኔም አላረምኳቸውም፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ዶሪን ፈረሳቸውን ጋሪው ላይ ሲያስሩ እጃቸው ተንቀጥቅጦ ዘለበቱ አልገባ ሲላቸው፣ ሞላልኝ አካፋውን ጥሎ ተቀበላቸውና ከአንገቱ እስከ ጭራው በአንድ ትንፋሽ አሰረው። ማን አስተማረህ ሲሉት አባቴ አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዛቡ፣ ያ ረጅሙ የልጓም ጠፍር፣ እሱ እጅ ገባ። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦራ ያለው ቀይ ዳማ ነው፤ እንዴት ያለ ፈረስ መሰለዎት! ባርሊ ይሉታል፤ ገብስ ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ርቦት እንደሁ እንጃ።

ጋሪ ስልዎ የእኛን ጋሪ እንዳያስቡ። ሰው አያመላልስም፣ ጤፍ አይጭንም። ጎማው እንጨት ሆኖ በቫርኒሽ ፊትዎን ያሳይዎታል፤ መቀመጫው ጥቁር ሰማያዊ ቬልቬት ነው። ለውድድር ብቻ ነው የሚወጣው። ውድድሩም ማን ቀደመ አይደለም፤ ሩጫ የሚባል ነገር የለበትም። ክላስ የሚሉት ሦስት ዙር አለው። በመጀመሪያው ክላስ ዳኛዋ ጋሪውን እየዞረች ጽዳቱን ታያለች፤ ቆዳው ተወልውሏል ወይ፣ ዘለበቱ ያበራል ወይ፣ የነጂው ባርኔጣ፣ ከጎኑ የተቀመጠው ሰው አለባበስ ከጋሪው ቀለም ጋር ይሄዳል ወይ። ጓንቱ ቡናማ ካልሆነ እንኳ ነጥብ ትቀንሳለች። ሁለተኛው ክላስ የነጂው እጅ የሚታይበት ነው፤ ዛቡን አለስልሶ ነው የያዘው ወይስ ይጎትታል፣ አለንጋውን እንዴት ይዞታል። ሦስተኛው የፈረሱ ነው፤ አረማመዱ፣ ቁም ሲሉት መቆሙ፣ ወደኋላ ሲሉት መመለሱ። የሦስቱም ተደምሮ የዕለቱ አሸናፊ ይለያል። እኛ አገር ሰው ታክሲ አጥቶ የሚሳፈርበትን እዚህ ባርኔጣ አድርገው ይዳኙታል ስልዎ እንደሚስቁ አውቃለሁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ሳቄ ነው ኋላ ያቃጠለኝ።

ዶሪን በረዶው እንደቀለጠ በፀደይ ጠርተውት በሐምሌው ውድድር ፈረሴን በሥርዓት ነድተህ ካሳየኸኝ አልሸጠውም፣ እኔ እስካለሁ አንተ ትነዳዋለህ፤ ካልሆነ ከሳስካችዋን ክፍለ ሀገር የሚጠይቀኝ ገዢ አለ አሉት። እትዬ፣ ወንድምዎ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ያን ቀን ሲገባ ግን የመጀመሪያ ደመወዙን የተቀበለ ጎረምሳ ነበር የሚመስለው። የደንቡን መጽሐፍ ይዞ መጣ። አርያም ወደ አማርኛ ገለበጠችልንና እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እኔ እየጠየቅሁ እሱ ይመልሳል። ሌላ ሰው ዛብ ቢነካ? መባረር። ፈረሱ ጋሪው ላይ እንደታሰረ ልጓሙ ቢወልቅ? መባረር። ለምን? የዓይኑ ከለላ አብሮ ይወልቅና ጎማውን ከኋላው ሲያየው አውሬ የተከተለው ይመስለዋል፣ የሚያቆመውም አይኖርም። ጎበዝ እለዋለሁ። እኛ አገር ግን ጋሪ ማቆሚያው ላይ ልጓም አውልቀው እዚያው እንደታሰረ ሣር ያበሉት የለ እንዴ ስለው፣ የእኛ ፈረስ ደክሞት የት ይሄዳል ብሎ ይስቃል።

እንግዲህ ትምኒት እዚህ ጋ ትመጣለች።

ደንቡ ከነጂው ጎን አንድ ሰው ይቀመጣል ይላል፤ ፈረሱ ቢበረግግ ወርዶ ጭንቅላቱን የሚይዝ። ያን ወንበር ያገኘችው እሷ ናት። አስመራ ተወልዳ ካዛንቺስ ያደገች፣ ጋጣው ውስጥ አብራው የምትሠራ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ ባሏን የፈታች። መልኳን አልነግርዎትም። እኔን እትዬ ትለኛለች፤ እትዬ ባለችኝ ቁጥር አምስት ዓመት የምትጨምርብኝ ይመስለኛል። ሞላልኝ እቤት ገብቶ ትምኒት እንዲህ አለች፣ ትምኒት እንዲህ አደረገች ሲል መጀመሪያ ምስኪን እያልኩ እሰማው ነበር። ኋላ ስሟን ሲጠራ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ ቀን እራት ላይ ዘጠኝ ደረሰ። ምን ትቆጥሪያለሽ አለኝ፤ ኪኒኔን አልኩት።

ሽርጡን ልንገርዎት። ነጂው ጉልበቱ ላይ የሚያስረው የሱፍ ሽርጥ ያስፈልገዋል፤ ሥርዓቱ ነው። ጨርቅ መርጬ፣ ጥቁር ሰማያዊ ከመቀመጫው ጋር የሚሄድ፣ ገበር አድርጌ ሰፋሁለት። በሳምንቱ መጥቶ አንድ ድገሚ፣ ከጎኔ የምትቀመጠውም አንድ ዓይነት መልበስ አለባት አለኝ። ወገቧ ስንት ነው ስለው፣ ሳያስብ ሁለት እጁን ገጥሞ ይህን ያህል ብሎ አሳየኝ። በእጁ እትዬ! ሜትር እያለ በእጁ! ካሳየኝ ላይ ሆን ብዬ ሁለት ጣት አጠበብኩት፤ ትንፋሽ ይጠራት ብዬ። ልኳ ሆነ። ለክተሽ የሰፋሽው ነው የሚመስለው፣ እጅሽ ይባረክ እትዬ ብላ በስልክ አመሰገነችኝ።

የውድድሩ ቀን ቅዳሜ ነበር። ሺፍቴን ለወጥኩ፤ አርያም ነድታ ወሰደችኝ። ሜዳው ዙሪያውን በገመድ ታጥሯል፤ ሰዉ የራሱን ወንበር ይዞ መጥቶ ተቀምጧል። እኛም ተቀመጥን። ሞላልኝ ወጣ። እትዬ፣ ቢያዩት! ያ ጎንበስ ብሎ ቦት ጫማ የሚያወልቅ ሰው ቀጥ ብሎ፣ ባርኔጣ አድርጎ፣ አለንጋውን ሽቅብ ይዞ። ሌላውን ሁሉ ረስቼ እጄን ላወጣና ላጨበጭብ ስል ከጎኑ እሷን አየኋት። ፈገግ ብላ። በእኔ ሽርጥ።

ዳኛዋ አረንጓዴ ኮት የለበሰች ረጅም ሴት ናት። ስትዞራቸው ቆየችና የሽርጡን ጫፍ ገልጣ ገበሩን አየች፤ ሌላ ጋሪ ላይ እንዲህ አላደረገችም። ከዚያ በማይክራፎን የነጂውና የጎኑ ተቀማጭ አለባበስ መስማማት እንዴት ያምራል ተባለ፣ ተጨበጨበ። እዚህ አገር አንደኛ ቀይ ሪባን ነው፤ ቀዩን የፈረሱ ልጓም ላይ አሰሩለት። የተጨበጨበው ለእኔ መርፌ ነው እኮ! አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ፈረንጅ ወደ እኔ ዘወር ብላ እነዚያ ባልና ሚስት እንዴት ደስ ይላሉ አለችኝ። ለዚህ የሚሆን እንግሊዝኛ አላነሰኝም። የስ አልኳት። የስ! አርያም ሳቋን ልትውጥ ስትታገል አየኋት፤ ማሚ ጄለስ ሆንሽ እንዴ አለችኝ። ዝም በይ አልኳት።

በሁለተኛው ክላስ ሰማያዊ ሪባን፣ ሁለተኛ ወጣ። ሦስተኛው ሳይጀመር እረፍት ሆነ። ጋሪዎቹ ከገመዱ ውጪ ዛፍ ሥር እንደታሰሩ ቆመው ይጠብቃሉ። ሞላልኝ ሊወርድ ሲል ኮሌታው ተጣጥፎ ነበር፤ ትምኒት እጇን ሰዳ አቃናችለት። ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም አላደረገችም። እሱ ዶሪንን ሊያነጋግር ወዲያ ማዶ ሄደ፤ እሷ ወርዳ የፈረሱን ጭንቅላት ያዘች። እኔ ከወንበሬ ተነሳሁ።

ሂጂ ውሃ ጠጪ፣ ፊትሽ ነጥቷል፣ እኔ እይዘዋለሁ አልኳት። ዶሪን እንዳትለቂው ብለውኛል እትዬ አለች። እኔ ፈረስ የማላውቅ መሰለሽ እንዴ፣ ጋሪ ሲቆም ሲነሳ እያየሁ ነው ያደግሁት አልኳት። እውነትም ፊቷ ነጭ ነበር። ሄደች። ባርሊ አፍንጫውን ወደ መዳፌ አስጠጋ። ከዚያ እጄ ወደ ዘለበቱ ሄደ። ላቡን ላደርቅለት ነው፣ ትንሽ ላሳርፈው ነው ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። ለእርስዎ አልልም። ያችን የልጓም ጥያቄ ስንት እሁድ ጠይቄዋለሁ? መልሷን ከእሱ ይልቅ እኔ አውቃታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብኩት፤ እዚያ ወንበር ላይ ዳግመኛ አብረው አይቀመጡም።

ልጓሙ እጄ ላይ ቀረ። ፈረሱ ዘወር አለና ጎማውን አየ። እትዬ፣ ፈረስ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ወደኋላ ሄደ፣ ጎማው ዛፉን መታ፣ የጋሪው ዘንግ ተሰነጠቀ። ትምኒት የውሃ ጠርሙሷን ጥላ ሮጣ መጥታ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለች፤ እንደ ጨርቅ ያወዛውዛታል። ሞላልኝ ያን ሁሉ ሜዳ እንዴት እንደደረሰ አላውቅም። ባርኔጣው ወድቋል። አንገቱን አቅፎ በጆሮው እያናገረ አቆመው። ማንም አልተጎዳም፤ የሠራኋት ሥራ ግን የሰው ነፍስ ልታጠፋ ነበር።

ደንብ አስከባሪው መጣ። ልጓሙ አሁንም እጄ ላይ ነው። ማን ነው ያወለቀው አለ። አፌን ስከፍት ሞላልኝ ቀደመኝ። እኔ ነኝ አውልቂው ያልኳት፣ አገራችን እንዲህ እናደርጋለን፣ ደንቡን ረሳሁ አለ። እንግሊዝኛው ሲጣደፍ ይሰበራል፤ ያን ጊዜ ግን አንዲት ፊደል አልተሰበረችበትም። ሰዎቹ ተያዩ። ገባቸው፤ አገሩ እንዲህ ነው አሉ። ማመኑ ምን ቀላል ነበር! ከዕለቱ ውድድር በሙሉ ተሰረዘ። ቀዩን ሪባን ሳይጠይቁት ራሱ ፈትቶ መለሰ። ዶሪን ጋሪ ላይ ያለ ፈረስ ልጓም የሚያስፈታ ሰው ዛብ አይይዝልኝም አሉ፤ ሰኞ ዕለት አካፋውን መልሰው ሰጡት፣ የሳስካችዋኑም ሰውዬ በነሐሴ መጨረሻ እንዲመጣ ተነገረው።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ኪራኮስ፣ ያ የማኅበራችን ቀልደኛ፣ በአደባባይ ጋሽ ሞላልኝ መንጃ ፈቃድዎን ቀሙዎት አሉ፣ ለካ ትራንስፖርቱ ባለ አራት እግር ኖሯል ብሎ ሰውን በሳቅ ገደለው። ሞላልኝ አብሯቸው ሳቀ። ቤት ገብቶ ሸሚዙን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ለእኔ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረም። ምነው ተናግሮኝ ቢሆን! ሳህኑን ያነሳል፣ አመሰግናለሁ ይለኛል። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር አመሰግናለሁ ብሎኝ አያውቅም።

ይህ ሁሉ ሆኖ እኔ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የእርስዎን ስልክ ነው። ጃጀብኝ ወይ ሲሉኝ፣ ወንድምዎን ያሳደጉት እርስዎ፣ ልጓም ማሰር ያስተማሩት አባትዎ፤ እንዴት ይረሳዋል! በማግስቱ አርያምን አውቄ ነው ያደረግሁት በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል አልኳት። ኦን ፐርፐዝ ነው ማሚ፣ ምን አደረግሽ አለችኝ። ወረቀት ላይ በአማርኛ ፊደል ጻፊልኝ አልኳት።

ዶሪን ጋ የሚወስደኝ ሰው ደግሞ ማንም የለም፤ አርያም ፊት ልናገረው አልፈለግሁም፣ እኔ ሃይዌይ አልነዳም፣ እሱን አልጠይቀው። ለማን ደወልኩ መሰለዎት? ለትምኒት። ሳቫና የሚባል ሰፈር ነው ቤቷ፣ ከእኛ ሰፈር ከፋልከንሪጅ ሩቅ አይደለም። እሺ እትዬ ብላ የእረፍት ቀኗን ትታ መጣች። መንገድ ላይ፣ ኦኮቶክስ ልንደርስ ስንል ነገርኳት። መኪናዋን ዳር ያዘችና አቆመች። ከዚያ የምሞተው እኮ እኔ ነበርኩ አለችኝ። አዎ አልኳት። እትዬ አላለችኝም። ያን ጊዜ እትዬ ብትለኝ ምን አለበት ብዬ ተመኘሁ፤ አይገርምዎትም?

ከዚያ ደግሞ ምን ብላ አንገቴን አስደፋችኝ፤ እኔ ፈረስ እፈራለሁ አለች። ያ ያየሽው ሳቅ ጥርሴን ነክሼ አርሴማን ስጠራ ነው። ተቀምጬለት የነበረው ሰው ስላጣ ነው፤ ባለቤቴን መጀመሪያ ጠየቅኋት፣ ሳቀችብኝ ብሎ ነገረኝ አለችኝ።

ይህን ለእርስዎ አልነገርኩዎትም ነበር። እውነት ነው። በፀደይ፣ ያን ዕለት መጽሐፉን ይዞ እንደመጣ፣ መጀመሪያ ያለኝ ከጎኔ ተቀመጪ ነው። ባርኔጣ እገዛልሻለሁ አለኝ። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ካናዳ ድረስ መጥቼ ጋሪ ላይ ልወጣልህ? ውድነሽ ብታየኝ ምን ትላለች? ትራንስፖርት ያልነውስ? አልኩት። እሱም ሳቀ፣ እውነትሽን ነው አለ። ደግሞ አልጠየቀኝም። እምቢ ያልኩትን ወንበር ሌላ ሰው ሲቀመጥበት ነው ወንበር መሆኑ የታየኝ።

ትምኒት መኪናውን አስነሳች። መልሳ ወደ ቤት የምትወስደኝ መስሎኝ ነበር፤ ወደ ፊት ነዳች። ሞላልኝ ያን ቀን መኖ ሊያመጣ ሄዷል። ዶሪን ደጃፋቸው ላይ ቆመው የቆዳ ዕቃ ያጸዳሉ። ወረቀቴን አውጥቼ፣ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩላቸው። ባሌ አላዘዘኝም። አይ ዲድ ኢት ኦን ፐርፐዝ። የቀረውን ትምኒት ተረጎመችልኝ፤ አንዳች አልደበቀችልኝም፣ እንደውም ትንሽ ሳትጨምርበት አልቀረችም። አሮጊቷ ጨርቁን አጠፉ፣ መልሰው ዘረጉ። ለምን እንዳደረግሽው አልጠይቅሽም፣ እኔም ባል ነበረኝ አሉ። ግን እኔ በሕይወት እስካለሁ ፈረሴ አጠገብ አትደርሽም፤ ልታይ ከመጣሽ ከገመዱ ወዲያ ነው አሉኝ። እሺ አልኩ። ሳስካችዋን ደውለው ገዢውን መለሱት፤ እኔ እየሰማሁ ነው የደወሉት። ዘንጉ እየተሠራ ነው። መስከረም ላይ ሌላ ውድድር አለ፣ ሞላልኝ ይነዳል። ትምኒት ደግማ ትቀመጣለች። አትፈሪም ወይ ስላት፣ እፈራለሁ፣ ግን ቀዩን ሪባን ሲያስሩለት ደስም ብሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ አለችኝ። ሽርጧ በውድድሩ ቀን ስለተቀደደ ሌላ እየሰፋሁላት ነው። አሁን በሜትር ለካኋት።

ሞላልኝ ያን ዕለት ከሥራ ሲገባ ዶሪን ነግረውት ነው። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ለምን ነገርሻቸው አለኝ። ስምህን ልመልስልህ ብዬ አልኩት። አይቼሻለሁ እኮ አለኝ። ከዶሪን ወንበር አጠገብ ቆሜ አይቼሻለሁ። የማያውቅ ሰው ዘለበት ሲፈታ ዙሪያውን ይዳብሳል፤ አንቺ ግን ቀጥ ብለሽ ነው የፈታሽው፤ ልጮህ ስል አልቆ ነበር አለኝ። ታዲያ ለምን ሸፈንከኝ ስለው፣ እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

እና እትዬ፣ ወንድምዎ አእምሮው እንደ ወትሮው ነው፣ በዚህ አይጨነቁ። ግን ሲደውልልዎ ይህን እንደሚያውቁ አያሳዩት፤ ረሳሁት ያለዎትን እንዳመኑት ይቆዩለት። የምጠይቅዎት ይህን ብቻ ነው። ልቆጣ ካሉ እኔን ይቆጡኝ፣ ስፒከሩን አጥፍተው።

ትናንት ትምኒት ልትለካ መጥታ ጋሽ ሞላልኝ እንዴት ነው ድምፁ፣ ደግሞ ማንጎራጎር ጀመረ አለችኝ። ፈረሱን እየቦረሸ ነው አሉ፣ ያችኑ እርስዎ በልጅነቱ ያስተማሩትን የባልቻ ሰፈር ዜማ። ከጠዋት እስከ ማታ ጋጣው ውስጥ ሲያንጎራጉር ይውላል አለችኝ። እሰይ አልኳት፣ መርፌዬን ከአፌ ሳላወጣ።

እቤት ገና አልጀመረም።

ውድነሽ የስኳር መለኪያ ወረቀቱንና አንድ ሹራብ ይዛልዎታለች፤ ሹራቡን ለማንም አይስጡብኝ። አምላክ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ደጃፍዎን ከእንግዳ፣ ሱቅዎን ከገዢ አያጉድልብዎ። ደግሞ ሲጸልዩ እኔንም ከወንድምዎ ጋር አንድ ላይ ይጥሩኝ፣ ለየብቻ አይደለም። ጉልበትዎን ስሜ እሰናበታለሁ።

የወንድምዎ ሚስት
ካልጋሪ፣ ነሐሴ